የሉባባ ግራ ዓይን

በኮምቦልቻ ሕፃናት ማቆያ የሚገቡት በሩን ተሳልመው ነው። «መሳለም» ያሉት ወላጆቹ ናቸው እንጂ ነገሩ ምርመራ ነው። ልጁ አገጩን ከበሩ ጎን ካለችው መደገፊያ ላይ ያሳርፋል፤ ዓይኑን ያፈጣል፤ ምላሱን ያወጣል። በሩ ትኩሳቱን፣ ጥርሱን፣ ጉሮሮውንና ዓይኑን አይቶ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ደህና ነህ፣ ግባ» ይለዋል። ያመመውን ደግሞ «እናትህን ጥራልኝ» ይለዋል። ወዲያው የልጁ የዕለቱ ፎቶ ከአረንጓዴ ምልክት ጋር ወላጆቹ መነጽር ላይ ይደርሳል። በፎቶው ላይ የማንም ልጅ አፍንጫ አይዝረበረብም፤ የማንም ፀጉር አይንጨባረርም። ልጃቸውን ከነንፍጡ አስገብተው፣ ገና ጥጉን ሳይታጠፉ ታጥቦና ተጠርጎ ሲያዩት የሚገረሙ ወላጆች ድሮ ነበሩ ይባላል። አሁን የሚገረም የለም።

ጦይባ ይማምም አትገረምም ነበር። የሦስት ዓመት ልጇን ሉባባን ጠዋት ጠዋት በሩን አሳልማ፣ ፎቶዋን አይታ ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሥራዋ የተናደደ ሰው ማብረድ ነው። በምትሠራበት የአውቶቡስ ድርጅት መንገደኛው የሚነጋገረው ከማሽን ጋር ነው፤ ማሽኑ አባብሎ አባብሎ ያቃተውን ሰው ግን ለጦይባ ያቀብላታል። ባሏ አደም ሰመራ ነው የሚሠራው፣ ከፀሐይ ኃይል ማመንጫው። በወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቀሪውን ጊዜ ሚስቱንና ልጁን የሚያያቸው በመነጽሩ ነው።

መነጽር የማያደርግ ሰው የለም። መንገድ የሚያሳየው፣ የሰው ስም የሚያስታውሰው፣ ዋጋ የሚያነበው እሱ ነው። የሰውንም ፊት ትንሽ ያሳምራል። ከዓይን ሥር የድካም ጥላ ያነሳል፣ ብጉር ያለሰልሳል፣ ሌላ አይደለም። ሰዉ ይህን «ማሳመሪያ» ይለዋል። ማሳመሪያ የሌለው መነጽር ወይም ካሜራ አይቶ የሚያውቅ በጦይባ ዕድሜ ያለ ሰው ቢፈለግ አይገኝም።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጦይባ ፀጉሯን ልትታጠብ መነጽሯን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ነበር። ሉባባ አልጋ ሥር ገብታ «ፈልጊኝ! ፈልጊኝ!» እያለች ትጣራለች። ጦይባ ፎጣውን ራሷ ላይ ጠምጥማ ጎንበስ አለች። ከኋላዋ በደጃፉ የገባው ብርሃን በትከሻዋ ላይ አልፎ ልጅቷ ፊት ላይ አረፈ። የሉባባ ግራ ዓይን ነጭ ሆኖ በራ።

የድመት ዓይን ነበር የሚመስለው። ጦይባ ሳታስበው ወደ ኋላ አለች። ነገሩ ጠፋ። መልሳ ጎንበስ ስትል ተመለሰ። ቀኙ ዓይን እንደወትሮው ጥቁር ነው፤ ግራው ግን መሐሉ ላይ ከጀርባው መብራት የተለኮሰበት ይመስላል።

«እስቲ አንዴ እንዳትነቃነቂ፣ የኔ ሸጋ።»

ሰው አንድን ነገር አጥርቶ ለማየት ሲፈልግ እንደሚያደርገው፣ ተነሥታ መነጽሯን አደረገች። ሁለት ጥቁር፣ የሚያምሩ ዓይኖች አየች። አወለቀችው። ነጩ ነገር አለ። አደረገችው። የለም። ሉባባ ጨዋታው የገባት መስሏት ከአልጋው ሥር ትስቃለች።

ያን ዕለት ማታ አደም ሲደውል ነገረችው።

«ደክሞሻል አንቺ። ከሰው ጋር ስትጨቃጨቂ ውለሽ ነው እኮ።»

«አደም፣ ያየሁት አንዴ አይደለም። ደጋግሜ ነው።»

«እስቲ አምጫት ልያት።»

ሉባባን አቅፋ ወደ እሱ አዞረቻት። አደም ከሰመራ ሆኖ ትኩር ብሎ አያት።

«ይኸው! ምን ሆነች? እንደ ኮከብ የሚያበሩ ሁለት ዓይኖች።»

«አንተ የምታየው እኮ በመነጽር ነው።»

«ታዲያ በምን ልይ?» አለ አደም፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

 ጦይባ ሌሊቱን ስታስበው፣ ነገሩ የራሷ ዓይን ችግር ሳይሆን አይቀርም ብላ ደመደመች። መነጽሩ ከሰው ዓይን የተሻለ እንደሚያይ ሕፃን ልጅም ያውቃል። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ገበያው አጠገብ ወዳለችው የጤና ኪዮስክ ሄዳ የራሷን ዓይን አስመረመረች። ኪዮስኳ ወንበር፣ ካሜራና ድምፅ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ድምፁ ፊደላት አስነበባት፣ ቀለም አስለያት፣ ከዚያ በደስታ፣ «ዓይንዎ ፍጹም ጤናማ ነው» አላት።

ከኪዮስኳ ስትወጣ መሄዱን ትታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሰው ጤናማ ነህ ሲባል ደስ ሊለው ይገባል። እሷ ግን አንድ ጥያቄ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አላት፦ ዓይኔ ደህና ከሆነ፣ ያየሁት ምንድን ነው?

ከሰዓት በኋላ ልጇን ልትወስድ ስትሄድ የማቆያዋን ሞግዚት፣ እትዬ ዝናሽን፣ ወደ ጥግ ወሰደቻት። እትዬ ዝናሽ ብቻዋን እልፍኝ የምትሞላ፣ ልጅ በብብቷ ሥር ይዛ የምታወራ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ሉባባ ላይ ያየሽው ነገር የለም?»

«ምን ልይ? በሩ በየቀኑ ደህና ነች ይላል።»

«በሩን ተይው። አንቺን ነው የምጠይቅሽ።»

እትዬ ዝናሽ እንዲህ ተብላ ተጠይቃ ስለማታውቅ ትንሽ አሰበች። «እንግዲህ ካልሽ… ከግራ በኩል ኳስ ሲወረወርላት አትቀልበውም። ባለፈው ከዚህ ዓምድ ጋር ተላትማለች። ልጅ አይደለች፣ ቀልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ከየትኛው ጎኗ ነው የተላተመችው?»

«ቆይ… ከግራዋ። አዎ፣ ከግራዋ።»

ቤት እንደደረሱ ጦይባ መነጽሯን አውልቃ ልጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት። «እንጫወት» አለቻት። ሎሚ አንሥታ ፊት ለፊቷ ወዲህና ወዲያ አደረገችው። ሉባባ በዓይኗ እየተከተለች ትስቃለች። ጦይባ የልጅቷን ግራ ዓይን በመዳፏ ሸፈነችው። ሉባባ መሳቋን አላቆመችም፤ ሎሚውን ለቀም አደረገችው። ጦይባ አሁን ቀኙን ሸፈነችው።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሉባባ እጇን ዘርግታ አየሩን ዳበሰች። ሎሚው ከአፍንጫዋ ፊት ነው።

«እማ» አለች፣ «መሸ እንዴ?»

ጦይባ መዳፏን አነሣች። ሎሚውን ለልጇ ሰጠቻት። አላለቀሰችም። ለማልቀስ እንኳ ጊዜ ያላት አልመሰላትም። ሉባባን አዝላ ወደ ኪዮስኳ ገሠገሠች።

ካሜራው ልጅቷን አየ። «የሉባባ ሁለቱም ዓይኖች ጤናማ ናቸው» አለ ድምፁ።

«በግራዋ አታይም።»

«ምስሉ ሁለቱም ዓይኖች ጤናማ መሆናቸውን ያሳያል። ስሜትዎን እረዳለሁ። የእናት ጭንቀት ተፈጥሯዊ ነው።»

ጦይባ ይህን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። የእሷ ድርጅት ማሽንም ይለዋል። ከእሱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ፣ ማሽኑ ምን ዓይነቱን ሰው ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍም ታውቃለች። የሚጮኸውን አያስተላልፍም፤ የሚጮህን ሰው ማባበል ተምሯል። የማይችለው፣ ድምፁን ሳያነሣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ነው።

«ልጄን ሰው በዓይኑ አይቷታል?» አለች ረጋ ብላ።

«የምርመራው ውጤት አስተማማኝ ነው።»

«ልጄን ሰው በዓይኑ አይቷታል?»

«ተጨማሪ መረጃ ከፈለጉ—»

«ልጄን ሰው በዓይኑ አይቷታል?»

ከዚያ ትንሽ የሰለቸው፣ ግን እውነተኛ የሰው ድምፅ መጣ። «እሺ እህቴ፣ ሲስተር ፋናዬ ነኝ። ምስሉን እያየሁት ነው። ምንም ነገር የለም እኮ።»

«የት ነሽ ያለሽው?»

«እኔ? ፎቅ ላይ ነኝ።»

«ከዚህ በላይ ያለው ፎቅ? እዚሁ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ውረጂና እይልኝ፣ እህቴ።»

መውረድ ለሲስተር ፋናዬ የተከለከለ አልነበረም። ውረጂ ያላት ሰው ግን ሥራ ከያዘች ጀምሮ የለም። በኋላ ለጦይባ እንደነገረቻት፣ የወረደችው ስለ ልጅቷ ሠግታ አልነበረም፤ ደረጃው በየት በኩል እንደሆነ ለማስታወስ መሞከሯ ራሱ ስለገረማት ነው።

በነጠላ ጫማ ወርዳ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። ጦይባ መነጽሯን እንድታወልቅ ስትጠይቃት እንደ ማፈር ብላ አወለቀች። የክፍሉን መብራት አጠፉት። ፋናዬ መብራት ሲቋረጥ የምትወጣ የእጅ ባትሪ ከመሳቢያ አምጥታ ነበር፤ ከጉንጯ አስጠግታ ወደ ሉባባ አበራችው።



መነጽሯን አደረገች። አወለቀች። ባትሪውን ወደ ቀኙ ዓይን ወሰደችው። «ቀኟ እንደ ፍም ነው… ደብዘዝ ያለ ቀይ።» ወደ ግራው መለሰችው። «ይሄ ግን…» መነጽሯን እንደገና አደረገች፤ እንደገና አወለቀች። ጦይባ ትናንት አልጋው አጠገብ ያደረገችውን ሁሉ ሌላ ሰው ሲያደርገው እያየች፣ ፍርሃቷ ሳይቀንስ፣ አንድ የሚያሳርፍ ነገር ተሰማት። አላበደችም።

«ምንድን ነው?» አለቻት።

«አላውቅም» አለች ፋናዬ።

ጦይባ ከጤና ባለሙያ አፍ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። ማሽኑ የማያውቀው ነገር የለም።

«አላውቅም» አለች ፋናዬ ደግማ፣ «ግን የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ።»

ዶክተር ዘርጋው ደሴ ከተማ ውስጥ ዓይን የሚቀድድ ሐኪም ነው። ፋናዬ የተማረችው እሱ ዘንድ ነው። በድምፅ ብቻ ደወለችለት። ያየችውን ስትነግረው አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጣት።

«መነጽር ሳታደርጉ ነው ያያችሁት?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

«በሉ ዛሬውኑ ይዛችኋት ውጡ። ነገ እንዳትሉኝ።»

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በጭጋግ ወጡት። ፋናዬ ተራዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ አብራቸው መጣች። ለምን እንደመጣች ጦይባ አልጠየቀቻትም። አውቶቡሱ በየመታጠፊያው ሲያዘነብል ሉባባ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ታንቀላፋለች። ጦይባ ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፉትን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽር ሳታደርግ ታያቸው ነበር። ፊታቸው የተሸበሸበ፣ በብርድ የተሰነጣጠቀ፣ አንዱ ከሌላው የተለየ ነው። እንዲህ እንደሚለያዩ አታውቅም ነበር።

ዶክተር ዘርጋው ሽበታም፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነው፤ ሲያወራ የሰው ዓይን ውስጥ የሚያይበት ሁኔታ ትንሽ ያስደነግጣል። ልጅቷን በማደንዘዣ አስተኝቶ አያት። የሚያይበት መሣሪያ ካሜራ የለበትም፤ ብርሃንና መስታወት ብቻ ነው። ሲጨርስ ወንበር ስቦ ከጦይባ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ከዓይኗ በስተኋላ፣ ብርሃን በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ዕጢ በቅሏል። ካንሰር ነው። ነጭ ሆኖ የታየሽ እሱ ነው። ደህና ዓይን ውስጥ ብርሃን ሲገባ ከኋላው ካለው ደም ቀልቶ ነው የሚመለስ።»

«በሩ በየቀኑ ያያት ነበር» አለች ጦይባ። «በየቀኑ!»

«በሩ አላያትም። ማሳመሪያው ነው ያያት።» ዶክተሩ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ለራሱ የሚያወራ ያህል ቀስ ብሎ ቀጠለ። «ድሮ፣ ካሜራ ገና መብራት ብልጭ ባደረገበት ዘመን፣ የሰው ዓይን ፎቶ ላይ ቀልቶ ይወጣ ነበር። ሰው ጠላው፤ ጋኔን አስመሰለን አለ። ካሜራ ሠሪዎቹ አጠፉለት፤ ዓይን የሚመስል ነገር ሁሉ ጥቁር ሆኖ እንዲወጣ አደረጉ። ቀዩን ሲያጠፉ ነጩንም አብረው አጠፉት። የጤናው ማሽን ደግሞ የሚያየው ካሜራው የሚያቀብለውን ነው። ያልተነገረውን ከየት ያምጣው?»

ፋናዬ ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጥ ነበር። «ስለዚህ ከዚህ በፊት ያየኋቸው ልጆች ሁሉ…»

«አላየሻቸውም» አላት። ቁጣ አልነበረበትም። «እኔም ለምን እንዲህ ዘግይተው፣ ዓይናቸው አብጦ እንደሚመጡልኝ ሳስብ ኖሬያለሁ። እናቶቻቸውን ነበር የምወቅስ።»

ከዚያ ወደ ጦይባ ዞሮ የሚከብደውን ነገር ተናገረ። ግራው ዓይን ማየት አቁሟል። መውጣት አለበት። ከወጣ ሕይወቷና ቀኝ ዓይኗ ሊተርፉ ይችላሉ። ከቆየ ዕጢው በነርቩ ተከትሎ ወደ ጭንቅላቷ ይሄዳል።

ጦይባ አደምን ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወለችለት። ሉባባ ከማደንዘዣው ነቅታ ጭኗ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። አደም በመነጽሩ ሲያያት ጉንጮቿ የሞሉ፣ ዓይኖቿ የሚያበሩ ልጅ ናት።

«አብዳችኋል?» አለ። «ደህናዋን ልጅ ዓይን ሊያወጡ?»

«አደም—»

«እያየኋት እኮ ነው! ምንም አልሆነችም! ማንም ሰው እጁን አያሳርፍባትም፣ ወላሂ ማንም!»

ጦይባ በሥራዋ የምታውቃቸው ማባበያዎች በሙሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። አንዱንም አላወጣችም።

«እኔም እንዳንተ ነበር የማያት» አለችው። «ና። ና፣ እዚህ ስትደርስ መነጽርህን አውልቀህ ግባ። ከዚያ በኋላ እምቢ ካልክ እምቢ በል።»

አደም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ የሰመራ አቧራ ከልብሱ አልረገፈም። ክፍሉ በር ላይ ቆሞ መነጽሩን አወለቀና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሉባባ «አባዬ!» ብላ ሮጠች። ተንበርክኮ አቀፋት፤ ከዚያ ከራሱ አራቅ አድርጎ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘው። ለረጅም ጊዜ አያት። ልጁን በገዛ ዓይኑ ያያት ምናልባት በተወለደች ሰሞን ነው።

«ይሄ ጠባሳ ምንድን ነው?» አለ፣ ቅንድቧን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ።

«አምና ከደረጃ ወድቃ ነው። ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል። በማግስቱ ሳያት ግን የለም። ድኖ ጠፋ ብዬ…» አልጨረሰውም።

ፋናዬ መጋረጃውን ሳበች። ባትሪውን እጁ ላይ አስቀምጣ፣ ከጉንጩ አስጠግቶ እንዴት እንደሚይዘው አሳየችው። አደም አበራ። ቀኙን አየ። ግራውን አየ። ባትሪው ጉንጩ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ሉባባ መብራቱን ልትይዝ ትፍጨረጨራለች።

«ስንት ጊዜ» አለ በመጨረሻ፣ «ስንት ጊዜ በዚህ ዓይኗ እያየችኝ መስሎኝ ሳቅኩላት።»

ጦይባ አጠገቡ ተንበረከከች። «አብሽር» አለችው። «በሌላው እያየችህ ነበር።»

ፈረመ። ሉባባ በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገና ገባች። አባቷና እናቷ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ መነጽር ለምን እንዳላደረጉ እየገረመው ያልፋል። ዶክተር ዘርጋው ሲወጣ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ከመናገሩ በፊት ፊቱን አነበቡት። ዓይኑ ወጥቷል። ነርቩ በኋላ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ዕጢው አልተሻገረም። ቀኙ ዓይን ደህና ነው። አደም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። ጦይባ፣ ፋናዬና ዶክተሩ ለበሩ ባለቤቶች አመለከቱ። መልሱ ጨዋ ነበር። ጥያቄያቸው ከፍተኛ ትኩረት ተሰጥቶታል፤ ማሳመሪያውን ማንሣት ግን ወላጆች የለመዱትን አገልግሎት ስለሚቀንስ ጥናት ያስፈልገዋል። ጦይባ ይህን ደብዳቤ ስታነብ ሣቀች፤ ራሷ ብትጽፈው ከዚህ የተሻለ አድርጋ አትጽፈውም ነበር። ጥናቱ ተጀመረ። በሩም እንደቀድሞው «ደህና ነሽ፣ ግቢ» ማለቱን ቀጠለ። ሉባባ ከሕክምናዋ ስትመለስ በግራ በኩል ሰው ሠራሽ ዓይን ነበራት፤ በሩ እሱንም አይቶ ጤናማ ነው አለ። እትዬ ዝናሽ ይህን በሰማች ጊዜ በሩን በጥፊ መታችው።

ፋናዬ ግን አልጠበቀችም። በየሳምንቱ ከፎቅ እየወረደች ወደ ማቆያው ትመጣለች። መጋረጃ ጋርዳ፣ ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ አስቀምጣ፣ አንዱ የሌላውን ዓይን በባትሪ እንዲያይ አስተማረቻቸው። ሁለቱም ዓይን ከቀላ «ፍም! ፍም!» ብሎ መጮህ ነው። ልጆች እንዲህ ያለ ጨዋታ አይሰለቻቸውም። ሰው ውስጥ እሳት እንዳለ ማየት ቀላል ነገር ነው? ጨዋታው ከማቆያው ወጥቶ ሰፈር ገባ። ቀን በጠራራ ፀሐይ ልጆች ከቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው «ፍም!» ሲሉ መስማት ተለመደ። እናቶች ስለ ባትሪ ድንጋይ አማረሩ። አንዳንዱ ልጅ የጓደኛው ዓይን ነጭ ነው እያለ ሲያለቅስ ይመጣል፤ ጓደኛው ደሴ ተወስዶ ሲታይ ወደ ጎን በማየቱ የመጣ ነጸብራቅ ሆኖ ይገኛል። ፋናዬ አንድ ቀን ለዶክተር ዘርጋው ይቅርታ ጠየቀችው፤ በከንቱ እያደከሙት ነው።

«ይምጡ» አላት። «ደህና ልጅ አይቶ መመለስ ደክሞኝ አያውቅም።»

ክረምቱ ሲወጣ፣ የጦይባ ጎረቤት ከድጃ ገና መቀመጥ የጀመረች ልጇን ኢልሃምን ይዛ ለጨዋታ መጣች። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ያወራሉ፤ ልጆቹ ውስጥ ናቸው። አሁን አራት ዓመት የሞላት ሉባባ እየሮጠች ወጣች፤ ባትሪው በእጇ እንደበራ ነው።

«እማ፣ ኢልሃም ፍም የላትም።»

ከድጃ ሣቀች። ጦይባ አልሣቀችም፤ ግን አልሮጠችምም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ሳበች፣ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ አቀፈች። ባትሪውን ከሉባባ ተቀብላ አንዴ አየች። ጎኗን ቀይራ ደግማ አየች። ከድጃ በሩ ላይ ቆማ የጦይባን ፊት ታያለች።

«ከድጃ» አለች ጦይባ፣ «መነጽርሽን አውልቂና ነይ እይ። ከዚያ ልብሷን ደርቢላት፣ ሐረጎ ብርድ ነው።»

በዚያው ቀን ደሴ ደረሱ። ዶክተር ዘርጋው ኢልሃምን ብዙ ጊዜ ወስዶ አያት። ዕጢው ትንሽ ነበር፤ በዚህ መጠን ያገኘበትን ጊዜ አያስታውስም። ዓይኑን ማውጣት አያስፈልግም አለ፤ በመድኃኒትና በጨረር ይጠፋል፤ ዓይኗም ያያል። ከድጃ እጁን ይዛ ልትስመው ስትታገል እሱ እየሸሸ፣

«ማነው ያገኘው?» ብሎ ጠየቀ። «ሲስተር ፋናዬ ናት?»

ሴቶቹ ወደ ሉባባ ዞሩ። ሉባባ የተቆጧት መስሏት ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀች፤ በቀኝ ዓይኗ ብቻ ብቅ ብላ ዶክተሩን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ተራዬ አልነበረም።»